የአራዳ ልጅ ባዮሲስተምስ ሲማር

የእህቴ ልጅ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን በስልኳ ይዛ መጣች። ፒያሳ ቶሞካ ቆመን ማኪያቶ እየጠጣን፣ «አጎቴ፣ ባዮሲስተምስ ኢንጂነሪንግ የሚባል ትምህርት አለ አሉ። በሬ ተጠምዶ እንኳ በቅጡ አይቶ የማያውቅ የአራዳ ልጅ ይማረዋል?» አለችኝ። ሙያው የእኔም ነውና መልሴ ከማኪያቶው ስለረዘመ ቤት ገብቼ ጻፍኩት። ጠያቂዋ ሴት ናትና በ«አንቺ» ነው የተጻፈው፤ ወንዱም አንብቦ ይጠቀምበት።

ስሙን ፈታ አድርጊው

ሲቪል ኢንጂነር የሚሠራበት ነገር ጨዋ ነው። ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ አርፎ ይቀመጣል፤ ብረትም ዝናብ መጣ ብሎ አይበቅልም። የባዮሲስተምስ ኢንጂነር ግን ኑሮው ከሚተነፍስ፣ ከሚቦካ፣ ከሚነቅዝና ከሚበሰብስ ነገር ጋር ነው። አፈር፣ ውሃ፣ ሰብል፣ ከብት፣ እርሾ፣ ምግብ። እነዚህን ይለካል፣ ያሰላል፣ መሣሪያና ቦይ ያበጅላቸዋል። ውሃውን ከወንዝ እስከ ማሳ የሚያደርሰው፣ እህሉን ጎተራ ከመግባቱ በፊት የሚያደርቀው፣ የገጠር ወተት ከተማ እስኪገባ እንዳይረጋ የሚያቀዘቅዘው ሰው ሁሉ የዚህ ሙያ ዘመድ ነው።

ስሙ ራሱ እንደ ፒያሳ አደባባይ ነው፤ አንዱ ጊዮርጊስ ይለዋል፣ አንዱ ምኒልክ አደባባይ፣ ባለታክሲው ደግሞ ፒያሳ ብሎ ይገላገላል። አሜሪካ ውስጥ የሙያው ማኅበር በ1907 እ.ኤ.አ. ሲመሠረት «የግብርና መሐንዲሶች» ብቻ ነበር የሚባለው፤ «የሥነ ሕይወት» የሚለውን የጨመረው በ2005 ነው። ሥራው ከትራክተርና ከቦይ አልፎ ወደ ምግብ ማቀነባበር፣ ወደ ረቂቅ ሕዋሳትና ወደ ቆሻሻ ማጣራት ስለ ሰፋ ነው። ዛሬ ነብራስካ፣ ቨርጂኒያ ቴክ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ዊስኮንሲን ማዲሰን ዲፓርትመንቱን ባዮሎጂካል ሲስተምስ ኢንጂነሪንግ ይሉታል። ኮርኔል ደግሞ ባዮሎጂካልና ኢንቫይሮንመንታል ኢንጂነሪንግ ይለዋል።

እኛም ዘንድ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም ኮሌጅ እገዛ ሲቋቋም ስሙ የግብርናና የሜካኒካል ጥበባት ኮሌጅ ነበር። እርሻውና መካኒኩ ያኔ በአንድ ስም ነበሩ፤ በኋላ በየፋኩልቲው የተለያዩት እኛው ለያይተናቸው ነው። ስለዚህ በየዩኒቨርሲቲው ስትፈልጊ አንድ ስም ብቻ ይዘሽ አትሂጂ።

ፎርም ከመሙላትሽ በፊት ገበያ ውረጂ

የአራዳ ልጅ እርሻ ስለማታውቅ ከጅምሩ የተበለጠች ይመስላታል። እኔ በዚህ አልስማማም። የገበሬ ልጅ ምግብ የሚነሣበትን ታውቃለች፣ አንቺ የሚያርፍበትን ታውቂያለሽ፤ ብዙው ጥፋት የሚደርሰው ደግሞ በሁለታችሁ መካከል፣ መንገድ ላይ ነው።

እናትሽን ስለ አትክልት ተራ ጠይቂያት። ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ ክረምት ሲሆን በበሰበሰ ጎመንና በጭቃ መካከል እግር እየመረጡ የሚገባበት ገበያ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ጃን ሜዳ የጥምቀት ቦታ ነውና መለቀቅ ስለነበረበት ገበያው እንደገና ተነሥቶ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ ራሷ በኮሪደር ልማቱ ፈርሳ መሠራት ጀመረች፤ ገበያው እዚያ ሳለ ቲማቲም የተሸከምንባቸውን መንገዶች ዛሬ ባሳይሽ አታውቂያቸውም። ችግሩ ግን ሰፈር ለወጠ እንጂ አልቀረም።

አንድ ቀን ማልደሽ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ፣ ኃይሌ ጋርመንት ድረሺ። ከመቂና ከባቱ በኩል የመጣ ኤፍ ኤስ አር ሲራገፍ ቆመሽ እዪ። የእንጨት ሣጥኖቹ ስንት ተደርበዋል? ከላይኛውና ከታችኛው ሣጥን የተፈነከተ ቲማቲም የበዛው በየትኛው ነው? ባለቤቱን አስፈቅደሽ እጅሽን ወደ ሣጥኑ መሀል ስደጂ፤ ከውጭው አየር ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ነጋዴውን «ጋሼ» ብለሽ፣ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት፣ ዛሬ ስንቱን እንደጣለ ጠይቂው። መልሱን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ከዚያ ወደ ሰፈርሽ ተመልሰሽ ጉልት ላይ ከምትሸጠዋ ሴትዮ አንድ መደብ ግዢ፤ የትኛውን ለይታ ከላይ እንዳስቀመጠች፣ የትኛውን በርካሽ እንደምትሸጥ አስተውዪ።

ያየሽው ሁሉ ትምህርት ነው። የታችኛውን ሣጥን ቲማቲም የፈነከተው የላዩ ክብደት ነው፤ ይህ የመካኒክስ ጥያቄ ነው። የሣጥኑ መሀል የሞቀው ቲማቲም ከተቀጠፈም በኋላ ስለሚተነፍስ ነው፤ ስኳሩን እያቃጠለ ሙቀት፣ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ታፍኖ ሲቀመጥ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ በሞቀ ቁጥር ደግሞ አተነፋፈሱ ይፈጥናል። አንዱ ሲበስል የሚያወጣው ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ጎረቤቱንም ያበስለዋል። ይህን ለማቆም ፍሪጅ ውስጥ መክተት ብቻውን መልስ አይሆንም፤ ሙሉ በሙሉ ያልበሰለ ቲማቲም ከ10 ዲግሪ በታች ብዙ ቀን ከቆየ ብርዱ ይጎዳውና በወጉ ሳይቀላ ጣዕሙ ይሞታል። ስንት ሰዓት፣ በስንት ዲግሪ፣ በምን ሣጥን የሚለውን አስልቶ የሚመልሰው የዚህ ሙያ ሰው ነው።

ሰባት ቀን የሚፈጅ መግቢያ ፈተና

ይህን ፈተና ማንም አያርምልሽም፤ ራስሽን ለመፈተን ነው። የወጥ ቤት ሚዛን፣ ቴርሞሜትርና ደብተር ያስፈልግሻል። ሚዛኑ በግራም የሚለካ ይሁን፤ ፒያሳ ወርቅ ቤት ገብተሽ ባለሙያው ቀለበት ከመመዘኑ በፊት ሚዛኑን ዜሮ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ ካየሽ የመጀመሪያውን ትምህርት ወስደሻል።

ብስለቱ ተቀራራቢ የሆነ ሦስት ኪሎ ቲማቲም ግዢና በሦስት ክፈዪው። አንዱን ፌስታል ውስጥ አስረሽ አስቀምጪ። ሁለተኛውን ሰፌድ ላይ ዘርጊው። ለሦስተኛው ሁለት የሸክላ ማሰሮ ያስፈልጋል፤ ትንሹን ትልቁ ውስጥ አስቀምጠሽ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት አሸዋ ሙዪ፣ አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጪ፣ ቲማቲሙን ትንሹ ውስጥ ከትተሽ አፉን በረጠበ ጨርቅ ሸፍኚ። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየመዘንሽ የሁሉንም ክብደትና ሙቀት ጻፊ፤ የተበላሸውን ቆጥረሽ አውጪ።

በጋ ከሆነ የሸክላው ውስጥ ከክፍሉ ሲቀዘቅዝ ታያለሽ፤ ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሐምሌ ላይ ከሞከርሽው ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ የለውም፤ አየሩ ራሱ ረጥቧልና ትነቱ ይዳከማል። በሰፌዱ ያለው ክብደቱ ይቀንሳል፣ ይጨማደዳል። የፌስታሉ ክብደት ብዙም አይነካም፤ ግን ሻጋታው የት እንደሚጀምር ተመልከቺ። የሰባቱን ቀን ቁጥሮች ግራፍ ላይ አስፍሪያቸው። በሦስተኛው ቀን ከሰለቸሽ ምንም ነውር የለውም፤ ሶፍትዌር አለ፣ አርክቴክቸር አለ። በአራተኛው ቀን «ፌስታሉን በመርፌ ብበሳውስ?» ብለሽ ካሰብሽ ግን የእኛ ሰው ነሽ።

ሂሳቡን አትሽሺው

«ባዮ» የሚለውን ሰምተው ሂሳብ የቀለለበት ምህንድስና ነው ብለው የሚገቡ አሉ። ተሳስተዋል። ካልኩለስ፣ ዲፈረንሻል እኩዌሽን፣ ስታቲክስ፣ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ፍሉድ መካኒክስ፣ የሙቀት ዝውውር፤ ሁሉንም ትወስጃለሽ። በዚያ ላይ የአፈር ሳይንስ፣ ሃይድሮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ይጨመራል። እንዲያውም የሚበዛ ነው።

ከክፍል በፊት ሁለት ነገር ተለማመጂ። የመጀመሪያው የእርጥበት ሂሳብ ነው። 100 ኪሎ በቆሎ 20 በመቶ እርጥበት አለው፤ ወደ 13 በመቶ ብታደርቂው ስንት ኪሎ ውሃ ይወጣል? 7 ኪሎ ያለ ወድቋል፤ እኔም በዚህ ወድቄያለሁ። ደረቁ እህል 80 ኪሎ ነው፤ እሱ አይለወጥም። ሲያልቅ 80ው ከጠቅላላው 87 በመቶ ይሆናልና ጠቅላላው 92 ኪሎ ገደማ ነው፤ የወጣው ውሃ 8 ኪሎ ያህል ነው። አንድ ኪሎ ልዩነት ትንሽ ይመስላል፤ መጋዘን ሙሉ እህል ላይ ስታባዢው ግን የነጋዴ ጠብ ነው።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። መጻሕፍቱ የተጻፉት ባሕር ዳርቻ ለሚኖር ሰው ነው። ፒያሳ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት የባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማንቆርቆሪያሽ ውስጥ ያለው ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የቶሞካ ማሽን ከዚህ የሚያመልጠው ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚያሞቀው ነው። ወተት ፓስቸራይዝ ለማድረግ ከፍታው አያስጨንቅም፤ 63 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ወይም 72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ እዚህም ይደረስበታል። በጠርሙስ ታሽጎ ወራት የሚቀመጥ ምግብ ላይ ግን ነገሩ ይከብዳል። በሥራ ዘመኔ መጀመሪያ በአንዲት አነስተኛ ፋብሪካ ቦሎቄ በፕሬዠር ኩከር አብስለን አሸግን። የውጭ መመሪያው 121 ዲግሪ የሚሰጠውን ግፊት ጽፎልናል፤ እኔም ጌጁ ያንን ሲያሳይ ረክቼ ተቀመጥኩ። ጌጁ የሚለካው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ መሆኑን፣ የአዲስ አበባ አየር ደግሞ ቀላል መሆኑን ዘነጋሁ። ውስጡ የነበረው 117 ገደማ ነበር። በሳምንቱ ክዳኖቹ እንደ ከበሮ ተነፉ። ደግነቱ ማንም ሳይቀምሰው ቀበርነው፤ ቦሎቄ አሲዱ አነስተኛ ስለሆነ እንዲህ ሲበላሽ የሚገድል መርዝ ሊያፈራ ይችላል።

ዩኒቨርሲቲ ስትመርጪ

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች አንሥቶ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ጀመረ፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ሆነ። በዚያ ዓመት ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንቺ ካለፍሽ ከጥቂቶቹ ነሽና ምርጫሽን በጓደኛ ግፊት አታባክኚው።

ባዮሲስተምስ የሚለውን ስም ራሱን የምታገኚው ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ነው። በግብርና ምህንድስና የቆየው ሐረማያ ነው። ልብሽ ወደ ውሃና መስኖ ካደላ አርባ ምንጭን አስቢ፤ በ1986 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው። ባሕር ዳር የኬሚካልና የምግብ ምህንድስና ፋኩልቲ አለው። ከፒያሳ መራቅ ካልፈለግሽ በራስ መኮንን ድልድይ አድርገሽ፣ አራት ኪሎን አልፈሽ፣ በእግርሽ አምስት ኪሎ ትደርሻለሽ፤ እዚያ የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የኬሚካልና ባዮ ምህንድስና ትምህርት ቤት አለ። በከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ያለው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲም የኬሚካል፣ የአካባቢ ምህንድስናና የባዮቴክኖሎጂ ትምህርት ይሰጣል፤ ግን የራሱ መግቢያ ፈተና አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን ፈተና ይሰጣል፤ ማስታወቂያውን በጊዜው ካላየሽ ያመልጥሻል።

የእኔን ምክር ከጠየቅሽኝ፣ ከቤት ውጪ። የአራዳ ልጅ በእግሯ ሄዳ የምትማርበት ግቢ ያለ ጥርጥር ምቹ ነው፤ ነገር ግን ማሳ አጠገብ ያለ ዲፓርትመንት የሚያስተምርሽን አምስት ኪሎ አያስተምርሽም። እናትሽ ይህን ስታነብ እንደምትቆጣኝ አውቃለሁ።

ስትመርጪ አንድ ነገር አጣሪ፤ ዲግሪው ላይ የሚጻፈው «ምህንድስና» ነው ወይስ «ሳይንስ»? የምግብ ሳይንስና የምግብ ምህንድስና፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃና የመስኖ ምህንድስና በስም ይቀራረባሉ፤ የሚፈጁት ዓመት፣ የሚሰጡት ኮርስና በኋላ የሥራ ማስታወቂያ ላይ የሚከፍቱት በር ግን ይለያያል። የቀደሙ ተማሪዎችን የኮርስ ዝርዝር ለምነሽ አንብቢ።

ፍሬሽማን

እዚህ ላይ ብዙ አልልም። የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚደርስሽ በውጤትሽ ተወዳድረሽ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት የሚያልፉት ካፌና ዶርም በመለማመድ ከሆነ በሌላ ሰው ምርጫ ውስጥ ነሽ። የወጪ መጋራት ውል ስትፈርሚ ኮፒውን አስቀምጪ፤ ስትመረቂ ትፈልጊዋለሽ።

ዲፓርትመንት ከገባሽ በኋላ ወርክሾፑን ልመጂ

ብየዳ፣ ሌዝ ማሽን፣ የአፈር ናሙና አወሳሰድ፣ የውሃ ፍሰት መለካት፤ እጅሽን የሚያቆሽሽ ነገር ሁሉ ላይ ቀድመሽ ቁሚ። ሴት ተማሪዎችን «አንቺ ጻፊ፣ እኛ እንሠራለን» የሚል ቡድን ሁልጊዜ አለ፤ እስክሪብቶውን መልሰሽ ስጫቸው።

ገበሬ ቤት መጀመሪያ ስትሄጂ መሣሪያውን በስሙ ጥሪ፤ ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ወገል፣ ማረሻ። ሳታውቂ ሄደሽ «ይሄ እንጨት» ብትዪ ሰውዬው ፊቱን አያጠቁርብሽም፤ ግን ከዚያ በኋላ ቁም ነገር አይነግርሽም። አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። በሀገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የሚሆን ጥቁር መረሬ አፈር አለ። ክረምት ላይ ውሃ ያቁርና የሰብሉን ሥር ያፍናል፤ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። እነዋሪ አካባቢ የገበሬው ቤተሰብ ሁሉ ወጥቶ በእጁ መደብና ቦይ እየሠራ ውሃውን ያጠነፍፍ ነበር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የነበረው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ ኢልካ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ ያንን ሥራ በበሬ የሚሠራ መሣሪያ አወጣ፤ ግን ከባድ ነበር። በኋላ ዶክተር መለሰ ተመስገን፣ ሆላንድ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ የማረሻን አስተራረስ አጥንተው ዶክትሬታቸውን ያገኙት ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ፣ ቀለል ያለ፣ በነባሩ ሞፈር ላይ የሚገጠም «አይባር» የተሰኘ መሣሪያ ሠሩ። ተመልከቺው፤ እነዋሪ ላይ በእጅ ተጀምሮ፣ በላቦራቶሪ አልፎ፣ ተመልሶ በሬ ጫንቃ ላይ የወጣ ሥራ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ርዕስ ስትፈልጊ መጀመሪያ ሰው በእጁ ምን እየሠራ እንደሆነ እዪ።

ኢንተርንሺፕሽን ቢሮ ውስጥ ሻይ እያመጣሽ አትጨርሺው። መልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ውስጥ የእርሻ መሣሪያዎች ይመረመራሉ፤ ወንጂ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸንኮራ የሚጨመቅበት ቦታ ነው፤ መስኖውንም ፋብሪካውንም ታያለሽ። የወተት ማቀነባበሪያ፣ የዱቄት ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻ፣ ሁሉም ይሆናል። ደብዳቤውን ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት አጽፊ፤ በር ላይ ዘበኛ የሚመልስሽ ደብዳቤ ሳይኖርሽ ስትሄጂ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። በአምስተኛው ዓመት ተደናግጠሽ የሁለተኛ ዓመት ደብተር ፍለጋ እንዳትሄጂ፣ የእያንዳንዱን ኮርስ ማስታወሻ ከጅምሩ በአንድ ቦታ አስቀምጪ።

ስለ ሥራና ስለ ውጭ

ሥራው ከከተማ ያወጣሻል፤ ይህን አሁኑኑ እወቂ። የመስኖ ፕሮጀክት፣ የምርምር ማዕከል፣ የግብርና ቢሮ፣ ትራክተርና ኮምባይነር የሚያስመጡ ድርጅቶች፣ ምግብ ማቀነባበሪያዎች ይቀጥራሉ። መጀመሪያ ላይ የምትላኪበት ቦታ መብራት የሚጠፋበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ ካሰብሽ፣ አሜሪካ ያሉት ዲፓርትመንቶች ብዙ ጊዜ ተማሪን የሚወስዱት በፕሮፌሰር የምርምር ገንዘብ ነው፤ ለምዝገባ ቢሮው ከመጻፍሽ በፊት ለፕሮፌሰሩ ጻፊ፤ ሥራውን አንብበሽ፣ በሦስት አጭር አንቀጽ። ሳትወጪም ይቻላል፤ ኮርኔል ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ በተፋሰስ አያያዝ የማስተርስ ትምህርት ሰጥቶ ነበር፤ ፕሮፌሰር ታሞ ስቲንሁስ ከዚያው ከባዮሎጂካልና ኢንቫይሮንመንታል ኢንጂነሪንግ ክፍል እየመጡ ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪዎቹም የአባይን ደለል እዚሁ ለኩ። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ የሚመረጠው የራሱ ቁጥር ያለው ሰው ነው፤ «ይህን ያህል ቀን፣ ይህን ለካሁ» የሚል።

ለእህቴ ልጅ ሚዛኑን እኔ ገዝቼላታለሁ። ሸክላውን ከእናቷ ወጥ ቤት ሳትጠይቅ እንዳትወስድ ነግሬያታለሁ። በሰባተኛው ቀን ግራፏን ይዛ ቶሞካ እንገናኛለን።